ኮምፒውተሩ ሰርግ ሄዶ ያውቃል?

ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ በኮምፒውተር ሙዚቃ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ከጎረቤቴ ጋር ከሳሪስ በተሳፈርንበት ታክሲ ሁለት ጎረምሶች ከፊታችን ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ኪቦርድ አቅፏል።

«ነገ የእህቴ ሰርግ ነው፤ ጉድ እንዳትሠራኝ!»

«አትፍራ ባክህ። ከዜማው ሥር የሚሄዱትን ኮርዶች በኮምፒውተር ነው የሠራኋቸው። አንዱን ስትሰጠው ቀጥሎ የሚመጣውን ራሱ ይመርጥልሃል።»

«ታዲያ ትናንት ስንለማመድ ሚዜዎቹ ሊቀበሉ ሲሉ ለምን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ?»

«አንድ ኮርድ ለምደው ነዋ! እኔ ሰባት አስገብቻለሁ።»

አላስቻለኝም።

«የኔ ልጅ፣ ያ ኮምፒውተርህ ሰርግ ሄዶ ያውቃል?»

«እንዴት እማማ?»

«አውራጁ ሲጨርስ ተቀባዩ ይገባል አይደል? አንተ ልክ ሊገባ ሲል ሙዚቃውን ትለዋውጥበታለህ። እንግዳ ጠርተህ በሩን ትዘጋለህ እንዴ?»

እያጨበጨብኩ አንድ የሰርግ ዘፈን አወረድኩ። ታክሲው ሙሉ ተቀበለኝ፤ ሾፌሩም በክላክስ አጀበን። ባለ ኪቦርዱ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ አዳመጠ።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «ኮምፒውተሩ የመረጠልኝን አውራጁ ጋ እጫወተዋለሁ። ተቀባዩ ሲገባ ግን አንዷን ኮርድ ይዤ አልነቃነቅም።»

የሙሽራዋ ወንድም እፎይ አለ። «ተመስገን! እማማ፣ ነገ መምጣት አለብዎት።»

ከታክሲው እንደወረድን ጎረቤቴ «የጠሩሽ እንድትበዪ ነው፤ እዚያም ሄደሽ በዚህ ድምፅሽ እንዳትዘፍኚ» አለችኝ፤ እኔ ግን በሆዴ ነገ የማወርደውን እየመረጥኩ ነበር።