ዳማ በአንድ እጅ

ከአምቦ ወደ ጉደር በታክሲ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የሚያንቀላፋውን ወጣት፣ «ሌሊት እንቅልፍ የለህም እንዴ ልጄ?» አሉት።

«ሴት ልጅ ወልደን ነው አባባ። ሁለት ወሯ ነው።»

«ባጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለህ። እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«አሜን። ከሥራ ስገባ እኔ ነኝ የምይዛት። ደረቴ ላይ አስተኝቼ ዳማ እጫወታለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። በቀኜ እሷን ደግፌ፣ በግራዬ የሁለቱንም ወገን ቆርኪ አንቀሳቅሳለሁ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግሯ ላይ ስታርፍ፣ እሱን ሳይ የማን ተራ እንደሆነ ይጠፋኛል።»

«ጓደኛ የለህም?»

«አሉኝ። ግን ሲጫወቱ ይጮሃሉ። እኔ ትንፋሿን መስማት አለብኝ። የፊተኛዋ ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ቀን እንደተኛች ቀረች።»

ሽማግሌው መንገዱን አዩ።

«እኔም ዳማ እችላለሁ» አሉ። «ባሸንፍም ብሸነፍም ድምፄ አይወጣም። ቤትህ በየት በኩል ነው?»

«ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ሳያንኳኩ ይግቡ።»

ጉደር ስንደርስ ከሁሉም ኋላ ወረድኩና የታክሲውን በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።