የጋሼ ሰውአገኝ ገመድ

እኔ ስሜነሽ ነኝ፤ በዚህ በላሊበላ የእሳት አደጋ ጣቢያችን ስልክ የማነሳው። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ ሰውአገኝ ሾፌር ሆነው ሲመጡ ግቢው ውስጥ ስለነበርኩ የመጀመሪያውን ቀን የመናገር መብት የእኔ ነው።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አቶ ምስጋኑ መኪናዋን እያዞሩ ያሳዩዋቸው ነበር። «ይቺ ሁልጊዜ ዝግጁ ናት፤ ታንከሯ ሙሉ ነው» አሉ። ጋሼ ጠጋ ብለው ታንከሩን በጣታቸው ሦስት ጊዜ አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ውሃው ወጣ ብሎ ይሆን?» አሉ። ከፍተን ስናይ ግማሽም አልነበረም። አቶ ምስጋኑ እዚሁ ስለተቀመጡ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሦስቴ ሳያንኳኩ ሻይ አይጠጡም። አንድ ቀን ይሄ ባልደረባችን በእውቀቱ ታንከሩ ላይ ተኝቶ ጠበቃቸውና ሲያንኳኩ፣ «ማነው?» አላቸው። ጋሼ ፈገግም አላሉ። «ውሃ ከሆንክ ዝም በል፤ በእውቀቱ ከሆንክ ውረድና ቱቦውን ጠቅልል» አሉት።

አሮጌዋ መኪና በቁልፍ መነሳት ከተወች ወዲህ ደግሞ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ፣ ፊቷን ወደ መውጫው አዙረው ነበር የሚያቆሟት። ልማዱ ወደ ራሳቸው ተጋብቶ ሠርግ ቤትም በር በሩን እያዩ ነው የሚቀመጡት። ዛሬም የክብር ወንበር ከፊት አዘጋጅተንላቸው፣ ይኸው በሩ አጠገብ ናቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አሮጌዋ ትተካ ተባለና ምን ዓይነት መኪና እንደምንፈልግ ጽፈን እንድንልክ ታዘዝን። ሁላችንም ትልቋን አልን። ፎቶዋን አይተናል፤ የአሮጌዋን እጥፍ ውሃ ትይዛለች። ጋሼ ብቻ፣ «በየት ትገባለች?» አሉ። «በመንገድ ነዋ» አልናቸው። በማግስቱ ገመድ ይዘው መጡ።

አራት ቅዳሜ ሙሉ መንደር ለመንደር እየዞሩ የየመግቢያውን ስፋት ከግንብ እስከ ግንብ ለኩ፤ ለአንዱ መግቢያ አንድ ቋጠሮ። በእኛ ከተማ ሰው ገመድ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እትዬ አሰለች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ወጡ።

«ማን ልኮህ ነው? እኔን ሳትቀብሩ ይህቺን ቤት አታፈርሷትም» አሉ።

«እትዬ፣ ላፈርስ አይደለም። ቢቃጠል መኪናችን ትደርስ እንደሆነ ላይ ነው።»

«ደግሞ ልታቃጥሏት ኖሯል!»

በሳምንቱ ሽማግሌ ይዘው ጣቢያ መጡብን። እኔ ስልኬን ትቼ ሳስረዳ ዋልኩ።

በስብሰባው ዕለት ጋሼ ገመዱን ክፍሉ ውስጥ ዘረጉት። መጀመሪያ የትልቋን መኪና ስፋት ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ ለክተው አሳዩን። ቀጥሎ የገመዱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስይዘው የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ሳቡ፤ መስኮቱ ጋ አልደረሰችም። «ከዚች ቋጠሮ የምትሰፋ መኪና ብትመጣ፣ አስፋልት ላይ ቆማ ጭሱን ታያለች» አሉ። ትንሿን መኪና ጻፍን።

ትንሿ መኪና በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። የጭድ ክምር ተያይዟል፣ እሳቱ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው አሉኝ። የማን ቤት? የእትዬ አሰለች። ጋሼ ለዚች መኪና ስንት ዓመት ጠብቀዋል፤ ግን ቁልፉን ለአዲሷ ሾፌራችን ለባንቺዓለም ሰጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። መግቢያው ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። «ስፖኪዮውን እጠፊና ግቢ፤ ለክቼዋለሁ» አሏት። በግራም በቀኝም ስንዝር ስንዝር ተረፈ። ክምሩ ነደደ፤ ቤቱ ዳነ። የዛሬውን ጠላ ጠምቀው ያመጡልንም እትዬ አሰለች ናቸው።

እኔ በሬዲዮ የሰማሁት የጋሼን ድምፅ ነው። በእኛ ሥራ በሬዲዮ «ደርሰናል» ነው የሚባለው። እሳቸው ግን፣ «ስሜነሽ፣ ገብተናል» አሉኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ጭስ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ገመዱን ለባንቺዓለም ሲያስረክቧት ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ነገሯት፤ እሷም ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ ቋጠሮ የእናቴ መግቢያ ናት።

የእናቴ ቤት የተቃጠለው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ስልኩንም ያነሳሁት እኔው ነበርኩ። አሮጌዋ መግቢያው ላይ ከግንብ ግንብ ተጣብቃ ቀረች፤ ቱቦውም አልደረሰም። ጋሼ በመስኮት ወጥተው ሮጡ። እናቴን አቅፈው አወጧት፤ ቤቱ ግን ዓይናችን እያየ አለቀ። በማግስቱ መጥተው እግሯ ሥር ቁጭ አሉና፣ «እማማ፣ መግባት አቃተኝ» አሏት። «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ጋሼ፣ እኔ የረሱት መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዎን ተሸክመውት ኖሩ።

ስለ እናቴ ሕይወት አመሰግንዎታለሁ፤ ያን ዕለት በድንጋጤ ሳልናገረው ቀርቼ ነው። ስለ እትዬ አሰለች ቤትም፣ እርስዎ ለክተውት ገና እሳት ስላላየው ቤት ሁሉም አመሰግንዎታለሁ። ባንቺዓለም ነገ ጠዋት ታንከሩን ሦስቴ ታንኳኳለች። በዚህ አይስጉ።

እንግዲህ ሁላችሁም ተነሱልኝ። ብርጭቆአችሁን አንሱ፤ ገና አትቅመሱ። በጣታችሁ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ጋሼ፣ እርስዎ ያዳምጡና የጎደለ ካለ ይንገሩን።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ስልክ የማይቀሰቅሰው እንቅልፍ ይስጥዎ። እናቴ ጉልበቷ አላደርስ ብሏት ቀረች እንጂ መልእክት ልካለች። ቤቷ ከተሠራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ግን አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። «እሑድ ምሳ አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ፤ ይምጣና ይግባ» ብላለች። በሩ አጠገብ አይደለም የምናስቀምጥዎት፣ ከውስጥ ነው።

ለጋሼ ሰውአገኝ፣ እንጠጣ።