ምጸትን ያስረዱልኝ የክብር እንግዳ

እስቲ ይሄን ስሙኝ። እዚሁ ድሬ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ድራማዊ ምጸት ማለት ተመልካቹ የሚያየውን ገጸ ባሕሪው ራሱ ሳያየው ሲቀር ነው እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፈለፍኩ፤ ተማሪዎቼ ፍዝዝ ብለው ያዩኛል። ሲታክተኝ አንድ የድሮ ትያትር አሠራኋቸው። ዳኛው የካባ ሌባ ካልያዝኩ ብሎ አገር ያምሳል፤ የተሰረቀው ካባ ጫፍ ግን ከራሱ ካባ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል።

የክብር እንግዳችን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከሰዓት ከጫት ፍራሻቸው ተነስተው፣ ዘግይተው ደረሱ። ትያትሩ ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጡና "በእኛም መሃል ከሰዓት ቢሮ ዘግተው ጫት ሲቅሙ የሚውሉ አሉ! አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን!" ብለው ፎከሩ። አንዱ ጉንጫቸው ተወጥሯል፤ ጥርሳቸው አረንጓዴ ነው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጠገቤ የነበረችው ተማሪዬ ፎዚያ "ቲቸር፣ ወላሂ አሁን ገባኝ!" አለችኝ። እኔን ሁለት ሳምንት ያቃተኝን ሰውየው በሁለት ደቂቃ አስረዱት።

ከመድረክ ወርደው "ልጆቹ ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አሉኝ።

"ንግግርዎ ልባቸውን ነክቶት ነው" አልኳቸው።

ፎዚያ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ይሄኛው ደግሞ የቃል ምጸት ነው አይደል?" ብላ አንሾካሾከች።

እሳቸው አልሰሟትም። እጄን ጨብጠው "ይሄ ትያትር ለሠራተኞቼ መታየት አለበት" አሉኝ። "ብቻ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት ማንም አይገኝም።"