በጥቅምት ብራ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር።

«ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ተከናንቦ የተኛው ልጄ፣ ጥቅምት ሲጠባ ተነሳልኝ» አሉ እናትዮዋ።

«ምን ነበር ሕመሙ፣ እማማ?»

«ባይፖላር ነው አሉት። አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል የሚያደርግ። አሁን እንቅልፍ የለ፣ ድካም የለ፤ በርበሬውን ብቻዬን ለቅሜ እጨርሳለሁ ይላል።»

«መድኃኒቱንስ ይወስዳል?»

«ዳንሁ ብሎ ተወው። እኔም ተመስገን አልሁ።»

ወጣቷ ወደ እናትዮዋ ዞር አለች።

«አይቆጡኝና፣ የኔም ወንድም ሕመሙ ይኸው ነበር። በክረምት ስንጠብቀው ከርመን፣ ሰማዩ ሲጠራ ዳነ ብለን ተውነው። በብራው ራሱን አጠፋ።»

«በስመ አብ። በጨለማው ያልሆነውን በብርሃን?»

«ሐኪሙ፣ አንዳንዱን ሰው ፀሐይ ድንገት ስትበረታ ጉልበት ትሰጠዋለች፣ ሐዘኑ ግን ገና አልለቀቀውም ይሆናል አለን። እርግጡ ገና እየተጠና ነው አለ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሐኪም ቤት ይመልሱት። እስከዚያው ብቻውን አይተዉት። ልሙት ልሙት ያሰኝሃል ወይ ብለውም ይጠይቁት።»

«ኧረ ክፉ አልጠራበትም።»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ሳልጠይቀው የቀረሁ። አሁን ከሱ ጋር ማን አለ?»

«ማንም።» እናትዮዋ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ወራጅ አለ።»

«ቡሬ መች ደረስን?» አለ ሾፌሩ።

«ወደ ቤቴ ነው የምመለስ፤ አውርደኝ።»

የክርስትና ስሙን አልሰማሁምና፣ እስከ ቡሬ ድረስ «የእኒያ እናት ልጅ» እያልሁ በልቤ ጸለይሁለት።