የሻጩ ሰው

ከኦሮራ ወደ ዴንቨር በሚሄደው ባስ ውስጥ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አማርኛ የሚሰማ ያለ ስላልመሰላቸው ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ሞንትቤሎ ሰፈር የሚሸጥ ቤት ያሳየን ኤጀንት ጉድ ሠራን ብዬሽ አልነበር?»

«አዎ፤ የሆዳችሁን ለሻጩ ነግሮ ዋጋ አስጨመረባችሁ።»

«ገና በር ላይ ‹እኔ የሻጩ ኤጀንት ነኝ፤ የምትነግሩኝን ለሱ እነግረዋለሁ› ብሎን ነበር።»

«እና?»

«ሐበሻ አይደል? ለወጉ ያለው መሰለኝ። ወረቀቱንም ሳላነብ ሳይን አደረግኩለት። ፊቱ ቁጭ ብዬ ባነብ እሱን አለማመን መሰለኝ። ከዚያ ኪችኑን ሳይ አላስቻለኝም፤ ‹ወንድሜ፣ ሻጩ ከጠየቀው በላይ ጨምረንም ቢሆን እንገዛዋለን› አልኩት።»

«በራስሽ አፍ?»

«በራሴ አፍ።»

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዳተኛ ነው ብለሽ ያስወራሽበትስ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። አሁን ሰው ሰላም አይለውም። እሁድ ዕለት ግን መጥቶ ልጄን አቅፎ ሳመልኝ።»

«አንቺስ?»

«መሬት መሬት አየሁ።»

«ሄደሽ ይቅርታ በይው እንጂ!»

«በምን ፊቴ?»

ይህን ብላ ልትወርድ ስትነሳ እግሬን ረገጠችኝና «ሶሪ!» ስትለኝ፣ እኔም በእንግሊዝኛ «ኢትስ ኦኬ» አልኳት።