ምርጥ ዘር ትል

የፀረ ተባይ ቀማሚዋ አጎቷን ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነው፤ ከእርሻ መድኃኒት መሸጫው በር ላይ፣ በሁለቱም ብብታቸው ጠርሙስ ሸጉጠው ሲወጡ። ሰላምታውን ሳትጨርስ ዓይኗ ጽሑፉ ላይ አረፈ። አንዱ ቢጫ ሽፋን አለው፣ ሌላው ሰማያዊ፤ ስማቸውም የተለያየ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈው ግን ውስጣቸው አንድ ዓይነት መርዝ ነበር።

“አጎቴ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ። ሁለቱም ያው ናቸው እኮ።”

“ቢጫው ሲያቅተው በሰማያዊው እመርቅበታለሁ” አሉ፣ ጠርሙሶቹን ጠበቅ አድርገው።

እኚህ ሰው ጎመን በመትከል ያረጁ ናቸው። የዘንድሮውን ጎመን ግን ትል ወንፊት አድርጎታል። ይህም ምርት ከጠፋ መሬቱን ለቀው ከልጃቸው ቤት መጠጋት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ይረጫሉ፤ ትሉ ካልሞተ መጠኑን እጥፍ ያደርጋሉ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የእህታቸው ልጅ መሥሪያ ቤት አዲስ መድኃኒት ማውጣቱን ሰምተው ኖሮ፣ አንድ ጠርሙስ ብትሰጣቸው ከሁለቱ ጋር በጥብጠው ትሉን ከነዘር ማንዘሩ እንደሚያጠፉት ነገሯት።

የቀማሚዋ ደም ፈላ። ያንን ውህድ ለማግኘት እሷና ባልደረቦቿ ስንቱን ቀምመው ስንቱን ደፍተዋል። አንዱ ትሉን ሲገድል ንቡን ይፈጃል፣ ሌላው ቅጠሉን ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ባልዲ ሊበጠበጥ ነው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለእርስዎ ከምሰጠው ብደፋው ይሻለኛል።”

“ድፊው እንግዲህ። እናንተ ስትማሩ ትሉ ቀድሟችሁ ተመርቋል።”

ቁጣ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ስለምታውቅ፣ ከማሳቸው አንድ ራስ ጎመን ከነትሉ ቆርጠው ወደ ቤተ ሙከራው እንዲያመጡላት ለመነቻቸው። እያጉረመረሙ አመጡ። እሷም ሁለት ቅጠሎችን አጎቷ በገዙት በአሮጌው መርዝ፣ አንዱን በአዲሱ ነክራ በየመስታወት ሳህኑ አስቀመጠች። በአሮጌው ከተነከሩት በአንዱ ላይ መርዝ አይተው የማያውቁ፣ እዚያው ቤተ ሙከራ የተፈለፈሉ ትሎች አኖረች። በቀሩት በሁለቱ ላይ የአጎቷን ትሎች።

በማግሥቱ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። የቤተ ሙከራው ትሎች ደርቀዋል። የእሳቸው ትሎች ግን በአሮጌው የተነከረውን ቅጠል በልተው ጅማቱን ብቻ አስቀርተዋል። በአዲሱ ላይ ያሉት ሞተዋል።

“ታዲያ አዲሱን ለምን ትነፍጊኛለሽ? በሽተኛ መድኃኒት አይከለከልም።”

“የተሳሳትነው መድኃኒት ብለን የጠራነው ቀን ነው። ጎመኑ አልታመመም፤ ይህም መርዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለመሆኑ ለባቄላ ዘር የሚያስቀሩት የትኛውን ነው?”

“ድርቁንም ዋጉንም ችሎ ያፈራውን ነዋ።”

“ትሉንም እንደዚያው አደረጉት። ደካማውን መርዙ ገደለው። የቻለው ተርፎ ወለደ። ልጆቹን ደግሞ በዚያው መርዝ መልሰው መረጧቸው።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ምርጥ ዘር ትል አውጥቻለሁ በይኛ።”

እሷ አልሳቀችም። አንዱን መርዝ ሽፋን እየቀያየረ የሚሸጠው ነጋዴ ይህን እንደሚያውቅ ነገረቻቸው። የእሷም መሥሪያ ቤት ያውቃል፤ ጠርሙሱ ላይ “ፍቱን” ብሎ አትሞ አፉን ይዘጋል። “ገበሬው አያውቅም ትላላችሁ፤ ማን ነገረው?” ብላ አለቆቿን ሞግታም ነበር።

በመጨረሻ አዲሱን ለሙከራ ሰጠቻቸው፤ ከነግዴታው። ቅጠል ገልብጠው ትል ሳያዩ እንዳይረጩ፣ መጠኑን እጥፍ እንዳያደርጉ፣ ከሌላ እንዳይደባልቁ፣ ለሚቀጥለው የትል ትውልድ አገዳደሉ የተለየ መርዝ እንዲጠቀሙ። ይህን ሁሉ ተቀበሉ። ዳር ያለውን መስመር ሳይረጩ ይተዉ ስትላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

“ትል ልቀልብ?”

“ደካማው እንዲተርፍ ነው፣ አጎቴ። ከጠንካራው ጋር ተዳቅሎ ልጆቹን ያለሰልስልዎታል።”

ብዙ አሰቡና እሺ አሉ።

የዚያ ማሳ ጎመን ጥቅጥቅ ብሎ ተጠቀለለ። ርጭቱ ስለቀነሰ የሚስታቸው ዓይን በመርዙ ማልቀሱን ተወ፤ ንቦች ወደ ባቄላው አበባ ተመለሱ፤ ሽማግሌውም ከመሬታቸው አልተነሡ። ከሁሉ የሚበልጠው፣ አዲሱ መርዝ በቀጣዩም ወቅት ትል መግደሉ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው በትል የተበላውን የዳር መስመር አይቶ አዘነላቸውና መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ። ሽማግሌው ሮጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው ከፊቱ ቆሙ።

“እነዚህን ትሎች የነካ” አሉት፣ “ከእኔ ጋር ተጣላ።”