የጎረቤት ሶፋ

ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ጦርነት አፈናቅሏቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ቤት እንደተከራዩ ሲያወሩ ሰማሁ።

“የእርዳታ ስንዴ አይሰጥዎትም እንዴ ማዘር?”

“ቤቴ ድረስ መጥተው አይተው፣ ‘እርስዎ ደህና ነዎት፣ የባሰበት ይቅደም’ አሉኝ።”

“ምን አይተው?”

“ሶፋ።”

“ሶፋ አለዎት?”

“ከየት አባቴ! የጎረቤቴ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ ተዋስኩ። መጋረጃውንም እሷው ናት የሰቀለችልኝ።”

“ችግርዎን ሊያዩ የመጡ ሰዎች እኮ ናቸው!”

“አውቃለሁ። ታዲያ መሬት ላይ ላስቀምጣቸው?”

“እርስዎ የሚቀመጡበት ላይ ነዋ!”

“እኔ የምቀመጠው ጀሪካን ላይ ነው።”

“እሱን ነበር ማሳየት! ሶፋው ስንዴዎን በላብዎት።”

“አቤት ብዬ ነገ ደግመው ሊያዩኝ ነው። ስንዴው ከቀረ ግን እነዚያን ልጆች ምን እንደማበላቸው እንጃ።”

“በቃ፣ ነገ ምንም እንዳይዋሱ። ቤቱን እንዳለ ይዩት።”

“ሶፋውን መልሻለሁ።”

“መጋረጃውንስ?”

“እሱንም።”

“ጎበዝ! ፌስታሉ ውስጥ ምንድን ነው የያዙት?”

“ለስላሳ ነው። ደረቅ አፋቸውን አልሸኛቸው።”

“ማዘር!”

“አንቺ ደግሞ! እንግዳ እኮ ናቸው።”

ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ጫማውን የማየው እኔ ነጋዴው፣ ቀራንዮ እስክወርድ ድረስ ዞር ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።